ሰማንያ ቀን ያልሞላት ልጄ

የመጀመሪያ ልጄ አንድ ሌሊትና ግማሽ ቀን ኖረች። ስም አልወጣላትም ነበር። ስለ እሷ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ፣ በምን እንደምጠራት ስለማላውቅ መልሼ አስቀምጫለሁ። ዛሬም አላውቅም፤ ልጄ ብቻ እላታለሁ።

የቆቦ ከተማ ልጅ ነኝ። አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ግን ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ በሚወስደው ሜዳ ላይ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። ባሌን ያገኘሁትም እዚያው ነው። ገበሬ ነው፤ ማሽላና ጤፍ ያርሳል። ዝምተኛ ነው፤ ሲስቅ ግን ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ከተጋባን በኋላ ከእናቱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ኖርን። የኔ እናት ገና ልጅ ሳለሁ ስለሞተች አማቴን እንደ እሱ «እማዬ» እያልኩ እጠራቸው ነበር፤ እሳቸውም ወደውልኛል።

ከኛ ሁለት ቤት አልፎ የሰፈሩ አዋላጅ ይኖሩ ነበር። ሙስሊም ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ባሌን ከእናቱ ሆድ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ የእስላም ቤት ሆነ የክርስቲያን ቤት ምጥ ከተያዘ እሳቸው ይጠራሉ። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ጤና ጣቢያው ሴቶች እዚያ እንዲወልዱ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ሥራቸው ቀንሶ ነበር። እሳቸውም አልተቀየሙም። እርጉዝ ሲያዩ «ወደ ሐኪሙ ሂጂ፣ እኔ አርጅቻለሁ» ይላሉ።

በቀበሌያችንና በከተማው መካከል ወንዝ አለ። ወንዝ እንላለን እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ባጃጁም ግመሉም ተማሪውም በአሸዋው ላይ ያልፋል። ክረምት ላይ ግን ከወደ ምዕራብ ደጋው ሲዘንብበት፣ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ፣ ጎርፍ ድንገት ይወርዳል። ድልድይ የለውም። ጎርፍ ሲመጣ ሰው በዚህና በዚያ ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቃል።

ያረገዝኩት በታኅሣሥ ነበር መሰለኝ። ጤና ጣቢያ ስመረመር የምወልደው ጳጉሜ አካባቢ እንደሆነ ነገሩኝ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ቆቦ ወርጄ እናቶች ማቆያ ልገባ ወስነን ነበር። እማዬ ለገንፎ የሚሆነውን እህል አበጥረው አስፈጭተው፣ ቅቤውን አንጥረው አስቀምጠውልኛል። እኔም ከድሮ ነጠላዬ ላይ መጠቅለያ ቆርጬ አጥቤ አጥፌ በሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ። የቀረን ጊዜ ብዙ ይመስለን ነበር።

ፍልሰታ ጾም ገብቶ አንድ ሳምንት ሆኖታል። የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ወገቤን ያዘኝ። እማዬ ነጠላቸውን ተከናንበው ለቅዳሴ ሲወጡ በሩ ላይ አገኙኝ።

«ምነው፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» አሉኝ።

«ወገቤን ነው። ትናንት ውኃ ተሸክሜ ነበር።»

«ልቅር?»

«ይሂዱ እማዬ። እተኛለሁ።»

እውነትም የመሰለኝ ወገብ ብቻ ነው። ቀኑ ገና ነው ብዬ ስለማምን ሰውነቴ የሚለኝን አልሰማሁትም። ባሌ ማሽላው ውስጥ አረም ሊነቅል ሄዶ ነበር። ብቻዬን ግቢው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ስል፣ ሕመሙ እየመጣ እየሄደ፣ በመጣ ቁጥርም ትንሽ እየቆየ ረፋድ ሆነ። ምጥ መሆኑ የገባኝ የበሩን መቃን ይዤ ቀና ማለት ሲያቅተኝ ነው። ያኔም ቢሆን ሰው አልጠራሁም። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። የፍልሰታ ቅዳሴ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ያንን ጠዋት ስንት ጊዜ መልሼ እንዳሰብኩት እግዚአብሔር ያውቃል።

እማዬ መጥተው አዩኝ። ከበሩ ተመልሰው ወጥተው ልጃቸውን በስሙ ሲጠሩ ሰማሁ። ባሌ እጁ ላይ ጭቃ እንዳለ መጣ። ስልክ አውጥቶ ለሚያውቀው ባለባጃጅ ደወለ፤ መጣሁ አለው። ልብሴን ቀይሬ፣ መጠቅለያውን ይዤ፣ በእማዬ ትከሻ ተደግፌ ግቢው በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ጎርፉ ወረደ። አላየነውም፤ ድምፁን ግን ሰማነው። ከሩቅ ብዙ ከባድ መኪና አንድ ላይ የሚያልፍ ይመስላል። ባሌ ሮጦ ሄዶ አይቶ መጣ።

«ባጃጁ እዚያ ማዶ ቆሟል» አለ። «አይሻገርም።»

«አምቡላንሱስ?» አሉ እማዬ።

«አምቡላንስስ በምን ይሻገራል፣ እማዬ።»

ወደ ቤት መለሱኝ። ባሌ እትዬን ሊጠራ ሄደ።

እትዬ ሲገቡ ነጠላቸውን አውልቀው ወገባቸው ላይ አሰሩት፤ እጃቸውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቡ። ባሌን «አንተ ውጭ ሁን» አሉት። ወንድ በማይገባበት ቦታ መቆሙን አላወቀም ነበርና ደንግጦ ወጣ። ሆዴን በመዳፋቸው ዳሰው ዳሰው ቆዩ። ፊታቸውን አይ ነበር፤ ምንም አላነበብኩበትም።

«አልቸኮልንም» አሉኝ። «ልጁ መንገድ ላይ ነው። አንቺ ማርያምሽን ጥሪ፣ እኔም አላሄን እለምናለሁ።»

ስለ ምጥ ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነበር። ከሰማሁት ውስጥ ያን ዕለት የሠራልኝ የለም። ሕመሙ ሲመጣ መላ ሰውነቴን የሚወስድ ሌላ ኃይል ነበር፤ ሲሄድ ደግሞ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ሁለት ደቂቃም ቢሆን ሕልም አይቻለሁ። እትዬ አላስተኙኝም። ያቆሙኛል፣ ያራምዱኛል፣ ምሰሶውን ያስይዙኛል፣ ያንበረክኩኛል። እማዬ ከኋላዬ ብብቴ ሥር እጃቸውን አስገብተው ደግፈውኝ «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ እኔም ከሳቸው ጋር። ድምፃችን አንድ ሆኖ የትኛው የኔ እንደሆነ አላውቅም ነበር። በመሃል እትዬ «ቢስሚላሂ» ሲሉ ይሰማኛል። ላቤን በውኃ በተነከረ ጨርቅ ይጠርጉልኛል፤ ሙቀቱ ቤቱን ሞልቶታል።

ፈርቼ ነበር ብል እውነት አይሆንም። ፍርሃት ቦታ አልነበረውም። በጣም ደክሞኝ «አልችልም» ባልኩ ጊዜ እትዬ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ችለሻል እኮ፤ እስካሁን ያደረግሽው ምንድነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልችልም አላልኩም።

ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ደጋ ስታዘቀዝቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ወለድኳት።

ወዲያው አላለቀሰችም። እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮባት ነበር፤ እትዬ በጣታቸው ፈጥነው አወለቁላት። ቀለሟ የሰው ቀለም አልነበረም። ወደ ታች አዘንብለው አፏን በጣታቸው ጠረጉ፤ ጀርባዋን አሹ፤ አፋቸውን አፏ ላይ አድርገው ትንሽ ትንሽ ተነፈሱባት። እማዬ ከኋላዬ መደገፋቸውን ሳይተው ጸጥ አሉ። ውጭ የባሌ እግር ወዲህና ወዲያ ሲል ይሰማል። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ልቅሶ አይባልም፤ ግን ድምፅ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ። «ሴት ናት።»

እማዬ ለሴት ልጅ የሚባለውን እልልታ ሦስት ጊዜ አሉ። በጣም ቀስ ብለው ነው ያሉት፤ ልጅቷን እንዳያስደነብሩ ይመስል ነበር። ባሌ ከውጭ ሰምቶ ወዲያው በሩ ላይ ተንበርክኮ መሬቱን እንደሳመ በኋላ ነገሩኝ።

ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። ትንሽ ነበረች፤ ቀኗም አልደረሰም ነበር። ጸጉሯ ብዙና ጥቁር ነው። የግራ ጆሮዋ ጫፍ እንደ ባሌ ጆሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጡቴን ላጠባት ሞከርኩ፤ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች እንጂ አትስብም። እትዬ «ትለምዳለች» አሉ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም። አተነፋፈሷ አጭር ነበር፤ ትተነፍሳለች፣ ታቆማለች፣ ደግሞ ትተነፍሳለች። ያን ሌሊት አንዳችንም ሳንተኛ የምንሰማው እሱን ብቻ ነበር።

ሲነጋ እማዬ አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቄሱን እናስጠራ።»

ምን እንደሚሉ ገብቶኛል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ለሞት የደረሰች ከሆነች ግን ቄስ መጥቶ በዚያው ሰዓት ያጠምቃታል። የእማዬ ንግግር ለኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው።

«ለምን?» አልኳቸው።

«ለነፍሷ ነው።»

«አልሞተችም፣ እማዬ።»

«አልሞተችም። ክፉ ቃል አልወጣኝም። ግን ብትጠመቅ ምን ይጎዳታል?»

ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለታችንንም ያያል። «ቄሱ ቅርብ ናቸው፣ ቅዳሴ ሳይገቡ እደርስባቸዋለሁ» አለ።

«ቄስ አትጥራ» አልኩት። «ወንዙ ጎድሎ እንደሆነ እይ። ባጃጅ ጥራ። ቄስ እዚህ ቤት ከገባ ልጄ ትሞታለች።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ አላበድኩም፤ ሕመምም አልነበረብኝም። ቄሱ ከነመስቀላቸው በሩን አጎንብሰው ሲገቡ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ፤ እሳቸው ከገቡ ሁላችንም ሞቷን እንደተቀበልን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ካልገቡ ትኖራለች። ያኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

እማዬ ባሌን አዩት። ባሌ እኔን አየኝ። ከዚያ ዞሮ ወደ ወንዙ ሄደ።

ኔትወርክ ከማታ ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ከማዶ ካሉት ጋር መነጋገር አልቻለም። ውኃው ጎድሎ ከጉልበት በታች እስኪሆን ጠብቆ ራሱ ተሻግሮ ባለባጃጁን አገኘውና አሸዋው እስኪጠጥር አብረው ቆሙ። ይህንን ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ጡቴን በጣቴ እየጨመቅሁ የምትወጣውን ጠብታ ከንፈሯ ላይ አደርግ ነበር። እትዬ ሥራቸውን ትተው ከጎኔ አልተነሱም። እኩለ ቀን ሲቃረብ እስትንፋሷ እየራቀ መጣ። እማዬ ወጥተው ጓሮ ሲጸልዩ ይሰማኛል። ጠብታዋ ከከንፈሯ ወደ አገጯ ስትወርድ አየሁና ጠረግሁላት። ስጠርግላት አልተንቀሳቀሰችም። ቆይቼ ደግሜ ነካኋት። እትዬ እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው «በቃ ልጄ» አሉኝ።

ባሌ ባጃጁን ይዞ ሲመጣ የሞተሩን ድምፅ ሰማነው። ግቢው በር ድረስ መጣ። ባሌ እየሮጠ ገብቶ እኔን ሲያይ ቆመ። ባለባጃጁ ብዙ ቆይቶ ምንም ሳይጠይቅ ተመልሶ ሄደ።

ሳትጠመቅ ስለሞተች ፍትሐት አልተደረገላትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥም አልተቀበረችም። ባሌና አንድ የሰፈር ሽማግሌ በዚያው ቀን ወስደው ከአጥሩ ውጭ ቀበሯት። እኔ አራስ ነኝ፤ አልሄድኩም። ሲወስዷት ያቺን ከነጠላዬ የቆረጥኳትን መጠቅለያ አልብሻታለሁ። የት ጋ እንደቀበራት አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

በሦስተኛው ቀን ወተቴ መጣ። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ጡቴ ደንድኖ ቀሚሴን እያራሰ፣ የሌላ ሰው ልጅ ሲያለቅስ ከሩቅ በሰማሁ ቁጥር እየፈሰሰ፣ ሰውነቴ ልጅቷ መሞቷን ገና እንዳልሰማ ሆኖ ይሠራ ነበር። እትዬ ጠዋት ጠዋት እየመጡ በሞቀ ውኃ ያጥቡኛል፤ ደረቴን በመቀነት ጥብቅ አድርገው ያስሩልኛል። ሲያስሩኝ አያወሩም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ወተቱ ሲደርቅ ደግሞ ታለቅሻለሽ» አሉኝ፤ ልክ ነበሩ።

የሰፈር ሴቶች ሊጠይቁኝ መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሉ ይቸግራቸዋል። ለወለደች ሴት የሚባል አለ፤ ለሞተባት የሚባል አለ፤ ለሁለቱም አንድ ላይ የሚባል የለም። አብዛኞቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይቀመጣሉ። እኔም «አሜን» እላለሁ። ገንፎው አልተገነፋም። እማዬ ዱቄቱንና ቅቤውን ከዓይኔ አርቀው የት እንዳደረጉት አላውቅም።

ባሌ አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ መልስ ይኖረኝ ነበር። ምሽት ከእርሻ ሲመለስ እግሩን ይታጠባል፣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ «በላሽ?» ይለኛል። እማዬም አልወቀሱኝም። ግን አንዳንድ ቀን ጸሎት ሲያደርሱ መሃል ላይ ድምፃቸው ይቆማል፤ ያኔ ስለማን እንደሚጸልዩ አውቃለሁ።

ሴት ልጅ የወለደች ሴት ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ልጅቷ ብትሞትም ቀኑ ይቆጠራል። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሄጄ ማስተማር ጀመርኩ። መስቀል አለፈ። ማሽላው ዘለላ አውጥቶ ወፍ መጠበቅ ተጀመረ። እኔ ግን በልቤ እቆጥር ነበር፤ አርባ፣ ሃምሳ፣ ሰባ። ሰማንያኛው ቀን በጥቅምት መጨረሻ ዋለ። ማለዳ ታጥቤ ነጭ ለብሼ ሄድኩ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ለጥምቀት መጥተው ነበር። አንደኛዋ ከኔ በአንድ ቀን ልዩነት የወለደች ናት። ስታየኝ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነቻት። እንዳልከፋ ብላ ነው፤ ደግ ሴት ናት። እኔ ግን ከዚያ በላይ የከፋኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ባሌ ሊጠራቸው የነበሩት ቄስ እሳቸው ነበሩ። ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«አባ» አልኳቸው፣ «እኔ ነኝ የከለከልኩት። አሁን የት ናት?»

መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ብትጠሪኝ እመጣ ነበር» አሉ። «ይህን ስልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እውነቱን ስለጠየቅሽኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«የት ናት ላልሽኝ፣ የተማርኩትን ልነግርሽ እችላለሁ። የማላውቀውን ግን አውቃለሁ ብዬ አላጽናናሽም። እግዚአብሔር ከኔም ካንቺም ይልቅ ይራራል፤ ይህን አውቃለሁ። አንቺ ክፋት አስበሽ አይደለም። እናት ነሽ፤ ፈራሽ።»

ስግደትና ጸሎት ሰጡኝ። ሰገድኩ፤ ጸለይኩ። ቀለል ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትንሽ ቀለለኝ፤ የቀረው ግን ቀረ።

በዚያው ሰሞን ስለ እትዬ ሌላ ነገር ሰማሁ። ከኔ በኋላ ምጥ የያዛት ሴት ቤተሰቦች ሊጠሯቸው ቢሄዱ «እጄ ከእንግዲህ ልጅ አይቀበልም» ብለው መልሰዋቸዋል። ሴትዮዋ ጎርፍ ስላልነበረ ጤና ጣቢያ ደርሳ በሰላም ወለደች። እኔ ግን እትዬ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት እየለቀሙ አገኘኋቸው።

«ለምን እንደዚያ አሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቀና አላሉም። «ልጅሽ እጄ ላይ ናት የሞተችው። አምላክ ያየው ነገር ቢኖር ነው።»

«እትዬ፣ በእርስዎ እጅ ላይ ነው የተነፈሰችው። እርስዎ ባይኖሩ አንድም ቀን አላያትም ነበር። ጆሮዋን አላይም ነበር።»

ሽንኩርቱን አስቀምጠው ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። እሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አብረን አለቀስን። ከዚያ ገብተው ማር በውኃ በጥብጠው አመጡልኝ፤ ማሩን ስጠጣ እያዩኝ ተቀመጡ። ማዋለዱን ግን አልተመለሱበትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረገዝኩ። ዘጠነኛው ወር እንደገባ፣ ገና በበጋው፣ ባሌ «አሁን እንሂድ» አለኝ። ቆቦ እናቶች ማቆያ ገባሁ፤ እማዬም አብረውኝ መጡ። ከዋጃ መንገድ የመጣችና ከሮቢት የመጣች ሌሎች ሁለት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ቀን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠን የአውራ ጎዳናውን መኪና እናያለን። እነሱ ስለሚመጣው ልጅ ስም ይጫወታሉ፤ እኔ መኪና እቆጥራለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት እማዬ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ሳለ፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ከባልሽ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። ባሌም እንደማያውቅ ነገሩኝ።

«በአሥረኛው ቀን ታመመብኝ። ቄስ አስጠራሁ፤ ተጠመቀ፣ ስም ወጣለት፣ ከአጥሩ ውስጥ ተቀበረ። ሁሉ ተደርጎለታል» አሉና መቀነታቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። «ብትጠመቅ ኖሮ አላዝንም ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ። አውቅሻለሁ። የኔ ተጠምቋል። ይኸው አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ልቤ እንደዚያው ነው።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም?»

«ያኔ ብነግርሽ አትሰሚኝም ነበር።»

እጃቸውን ያዝኩ። ስለ ቄሱ የነበረብኝ ነገር ከዚያ በኋላ አልጠፋም፤ ግን ብቻዬን መሸከሜ ቀረ።

ሁለተኛውንም በምጥ ወለድኩት። አዋላጇ ነርስ በዕድሜ ከኔ የምታንስ ልጅ ናት፤ «እኅቴ፣ በደንብ እየሄደ ነው» እያለች አብራኝ ቆየች። ሕመሙን ሰውነቴ አስታወሰው። በእያንዳንዱ ምጥ ውስጥ ያ ቤት፣ ያ ምሰሶ፣ የእትዬ እጅ ተመለሰብኝ። ሲወጣ በኃይል አለቀሰ፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

«ወንድ ልጅ ነው፤ እዪው እንጂ» አለችኝ።

«ይተነፍሳል?»

«ምን ማለትሽ ነው፣ እየጮኸ እኮ ነው።»

«እዪው» አልኳት፣ «በደንብ እዪውና ንገሪኝ።»

አልሳቀችብኝም። ደረቱን ሰምታ፣ ቀለሙን አይታ፣ ጣቶቹን ቆጥራ፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከዚያ ደረቴ ላይ አደረገችው። ወዲያው ጡቴን ፈልጎ አገኘ። ሲስብ እስከ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ። ደስ አለኝ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ እንደዚህ መሳብ ያልቻለችውን አሰብኩ። ሁለቱ አብረው መጡ፤ ከዚያ ወዲህም አልተለያዩም።

በአርባ ቀኑ ወደ ቀበሌያችን ቤተ ክርስቲያን ወሰድነው። ማለዳ ነበር። የንስሐ አባቴ አጠመቁት፤ ውኃው ሲነካው ተቆጥቶ ጮኸ፤ ማተቡ አንገቱ ላይ ታሰረ፤ ስም ወጣለት። እማዬ ተቀብለው አቀፉት። እትዬም መጥተው ነበር። ከግቢው በር ውጭ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁንና ሲወጣ ተቀብለው ግንባሩን ሳሙት።

ወደ ቤት ልንሄድ ስንነሳ ባሌ «እናንተ ቅደሙ» አላቸው። እኔን ግን ክንዴን ያዘኝ። በአጥሩ ዙሪያ ወደ ኋላ ወሰደኝ። መንገዱ እሾህ አለበት፤ ፊት ፊቴ እየሄደ ቅርንጫፉን ይይዝልኛል። ከአንዲት ትንሽ የቁልቋል ዛፍ አጠገብ ቆመ። ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ በዙሪያቸው ሣር የለም። አንድ ሰው ሁልጊዜ እየመጣ ያርመዋል።

«እዚህ ጋ ናት» አለኝ።

 መቼ መቼ እንደሚመጣ አልጠየቅሁትም። ልጁ ርቦት ማልቀስ ጀመረ። ነጠላዬን አንጥፌ እዚያው ከድንጋዮቹ አጠገብ ተቀመጥኩና አጠባሁት። ባሌ ፀሐዩ እንዳይነካን በሚመጣበት በኩል ቆሞ ጥላ ሆነን፤ ልጁ ጠግቦ እስኪተኛ ድረስ ሦስታችንም ከዚያ አልሄድንም።